ማን ቀረ? «አዲስ ዓለም»ን እና «ጤዛ»ን ጎን ለጎን ማየት

አማርኛ ውስጥ «ቀረ» የሚባል ጉደኛ ግሥ አለ። ጓደኛችን ለትምህርት ሄዶ ሳይመለስ ሲቆይ «እዚያው ቀረ» እንላለን። ሌላዋ ጓደኛችን ቪዛ ሳትጠይቅ፣ ወይም ጠይቃ ተከልክላ፣ አዲስ አበባ ስትኖር «እሷ እዚሁ ቀረች» እንላለን። የሄደውም ቀረ፣ ያልሄደችውም ቀረች። ስብሰባ ያልመጣ ሰው ቀረ፣ ዕድል ያመለጠው ሰው ቀረበት፣ የታሰበ ነገር ሳይሆን ሲቀር ደግሞ «በቃ ቀረ» ነው። ግሡ ሁልጊዜ አንድ የጎደለ ነገር ያሳያል። ማን እንደጎደለና ከየት እንደጎደለ ግን የሚወስነው ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ነው።

ስለ መሄድና ስለ መቅረት የምናደርገው ክርክር ይህን ይረሳል። አንዱ ወገን «አገርህን ማን ይሥራልህ?» ይላል። ሌላው «እዚህ ምን አለና?» ይላል። ሁለቱም ነገሩን አንድ ሰው ለብቻው የሚቀመጥበት ፈተና ያስመስሉታል፤ የመጀመሪያው የፍቅር ፈተና፣ ሁለተኛው የብልጠት ፈተና። ኢንጂነሪንግ የተማረ የኔ ዕድሜ ሰው ሁለቱንም ስብከት በቃሉ ያውቀዋል። የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሰላምታ የሚላከው ከአራት የሰዓት ክልል ነው፤ ክርክሩም በየሦስት ወሩ እንደ አዲስ ይነሳል።

የኛ ሥነ ጽሑፍና ፊልም ግን ይህን ጥያቄ ከኛ ቀድመው ሲያመነዥጉት ኖረዋል። ሁለት ሥራዎችን ልውሰድ፤ አንዱ በ1925 ዓ.ም. የታተመ ልብ ወለድ፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ፊልም። በመካከላቸው 75 ዓመት ገደማ አለ። ሁለቱም አውሮፓ ተምሮ ስለተመለሰ ወጣት ያወራሉ፤ ሁለቱም ላይ ላዩን ሲታዩ ስለዚያ ሰው ልብና ዕውቀት ናቸው። እኔ ግን የተመላሹ ዕጣ በሁለቱም ውስጥ የሚወሰነው በልቡ አይደለም ባይ ነኝ። የሚወሰነው ሲመጣ ማን፣ ምን ይዞ እንደጠበቀው ነው።

ሁሉን ያወቀው አወቀ

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ቀጭን መጽሐፍ ነው። ባለታሪኩ አወቀ ይባላል፤ ስሙ ራሱ የመጽሐፉን ሐሳብ ተሸክሟል። የተጉለት ልጅ ነው። ለትምህርት ይጓጓል፣ ፓሪስ ይሄዳል፣ ስምንት ዓመት ተምሮ ይመለሳል። ታሪኩ የምር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዘመዶቹ ይጠራጠሩታል፤ ሰው አገር ሄዶ ሃይማኖቱን የለወጠ ይመስላቸዋል። እሱ ደግሞ በተዝካርና በሠርግ ድግስ የሚባክነውን ሀብት፣ የጋብቻውን ወግ፣ የካህናቱን አንዳንድ ልማድ አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ይከራከራል፣ ይመክራል፣ ያስረዳል። በመጨረሻ ነገሩ ከቤተሰብ ክርክር አልፎ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ወደሚመክሩበት ጉባኤ ይደርሳል።

መጽሐፉን ዛሬ ለሚያነብ ሰው ትልቁ ችግር አወቀ በክርክር አለመሸነፉ ነው። ዘመዶቹ የሚናገሩት እሱ መልስ እንዲሰጥበት ነው። የሚያውቁትና እሱ የማያውቀው አንድም ነገር የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ቤት ያቆሙት፣ ያረሱት፣ የቀበሩት፣ የዳሩት እነሱ ናቸው፤ መጽሐፉ ግን እነዚያን ስምንት ዓመታት አይነግረንም። አወቀ ሲሄድ አገሩ እንደ ፎቶ የቆመ ይመስል፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

በኛ ሙያ ይህን ዓይነት ሰው በደንብ እናውቀዋለን። አዲስ የተቀጠረ ዴቬሎፐር የቆየ ኮድ ይከፍታል። ኮዱ አስቀያሚ ነው። አንድ ቦታ ላይ ትርጉም የለሽ የሚመስል መስመር ያያል፤ «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ ይስቅና ሁሉንም ከዜሮ እንጻፈው ይላል። ያ አስቀያሚ መስመር ግን ምናልባት ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ሌሊት ሲስተሙ ሲወድቅ የተጨመረ ነው። ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ አልተጻፈም እንጂ። ተዝካርም እንዲሁ ነው። ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከት ድግስ መሆኑ እውነት ነው፤ ኅሩይ ያየው ችግር የፈጠራ አይደለም። ግን ተዝካር የተራበ የሚበላበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ «ነገ እኔም ብሞት እንዲህ ይሰበሰቡልኛል» የሚባልበት ቀንም ነው። ይህን የሚያውቀው ድንኳኑን የተከለው ሰው ነው። አወቀ ድንኳን ተካዩን አይጠይቀውም።

ሆኖም ኅሩይ ከባለታሪኩ የበለጠ ብልህ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ለውጡ የሚሰፋው አወቀ በክርክር ስለረታ ብቻ አይደለም። ጉባኤ ስላለ ነው። ሥልጣን ያለው አካል ተሰብስቦ ነገሩን ስለሚመክርበት ነው። አወቀ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሊለውጥ የሚችለው የራሱን ሠርግና የአባቱን ተዝካር ነበር። ኅሩይ ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አንብቦ አይደለም፤ መጽሐፉ ሲታተም ራሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። በር ከውስጥ ካልተከፈተ ከውጭ የመጣ ዕውቀት ደጅ ላይ እንደሚቀር ያውቃል። «አዲስ ዓለም» ስለ ተማረ ልጅ የተጻፈ ይምሰል እንጂ፣ ልቡ ያለው ስለ ጉባኤው ነው።

ጉባኤ ያጣው አንበርብር

አሁን ጉባኤውን ከታሪኩ አውጥታችሁ የተመላሹን ታሪክ እንደገና አስቡት። የምታገኙት የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነው።

አንበርብር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን የተማረ ነው። እንደ አወቀ በትምህርቱ አገሩን ማገልገል ይፈልጋል። ከጓደኞቹ ጋር ስለ ሶሻሊዝም ሲከራከር፣ ሲፈክር፣ ሲዋደድ ወጣትነቱን ያሳልፋል። ከንጉሡ ውድቀት በኋላ ከጓደኛው ከተስፋዬ ጋር በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ሊሠራ ይመጣል። የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው። ሐሳብ ማቅረብ ሂስና ግለ ሂስ ወደሚደረግበት አዳራሽ ያደርሳል። ተስፋዬ ይገደላል። አንበርብር ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይላካል፤ እዚያ ደግሞ ዘረኞች ጥቃት ያደርሱበትና እግሩን ያጣል። ፊልሙ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ነው። ጦርነት አለ። ወጣቶች በግዳጅ ለውትድርና እንዳይወሰዱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። አንበርብር ስለ ራሱ ሕይወት እንኳ የተቆራረጠ ትዝታ ነው ያለው።

ልዩነቱን አስተውሉ። አወቀም አንበርብርም አገራቸውን ይወዳሉ። ሁለቱም ተምረዋል። ሁለቱም ተመልሰዋል። «ፍቅር ካለህ ትመለሳለህ፣ ከተመለስክ ትሠራለህ» የሚለው ስብከት እውነት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ታሪኮች አንድ ዓይነት ማለቂያ ይኖራቸው ነበር። አንዱ ግን ጉባኤ ጠበቀው፤ ሌላው የግለ ሂስ አዳራሽ ጠበቀው። አንበርብር ላይ የደረሰው ነገር የባሕርይው ጉድለት አይደለም። በአንድ ወቅት፣ በአንድ አገር፣ ለተማረ ሰው የተዘጋጀው ቦታ ምን እንደነበር የሚያሳይ ነው።

ፊልሙን ከመጽሐፉ የሚያስበልጠው ሌላው ነገር መንደሩ ነው። የኅሩይ ዘመዶች አጨብጫቢ ወይም ተቃዋሚ ናቸው። የኃይሌ መንደርተኞች ግን የራሳቸው ችግር ያላቸው ሰዎች ናቸው። እናቱ ልጇን ትጠብቅ ነበር፤ የመጣላት ደግሞ ሌሊት እየቃዠ የሚጮህ ሰው ነው። ሐኪም ሆኖ ይመጣልናል ያሉት ሰው ራሱ ታማሚ ሆኖ መጣ። እዚህ ላይ ፊልሙ አንድ የማንረሳው ጥያቄ ያነሳል፤ ተመላሹ አገሩን ሊያድን ነው የመጣው ወይስ አገሩ እሱን ልታድነው? መልሱን የምናየው አዛኑ በምትባል፣ መንደሩ ባገለላት ሴት በኩል ነው። ከእሷ ጋር የሚጀምረው ኑሮ ከጀርመን ይዞት ከመጣው ዕውቀት ሁሉ ይልቅ ወደ ሰውነቱ ይመልሰዋል።

«ጤዛ» ከቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ደርግ እንደተሠራ ፊልም ብቻ ነው የምናወራለት። እንደዛ ስናደርግ ዛሬ የሚነካንን ጎኑን ታሪክ አድርገን መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን።

የጻፉት ሰዎች የት ቆመው ነበር?

ሁለቱን ሥራዎች አብሮ ማየት የሚጠቅመው በዚህም ነው፤ የተመላሹን ታሪክ የሠሩት ሁለቱም ሰዎች ራሳቸው ተመላሽ አልነበሩም።

ኅሩይ እንጦጦ ራጉኤል የተማረ፣ የአገር ቤት ትምህርት ያሳደገው ሰው ነው። አውሮፓንም ጃፓንንም ያየው በመልእክተኛነት ነው፤ ሄዶ ይመለሳል፣ ተመልሶ ይጽፋል። ስምንት ዓመት ፓሪስ ውስጥ አልኖረም። ኃይሌ ገሪማ ደግሞ ጎንደር ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ «ሳንኮፋ» የሚባለውን የመጻሕፍትና የፊልም መደብሩን የከፈተው እዚያው ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ነው። ፊልም ሊሠራ ይመጣል እንጂ ኑሮው እዚያ ነው።

እንግዲህ የቀረው ሰው ስለ መመለስ ሲጽፍ ተስፋ ጻፈ፤ የሄደው ሰው ስለ መመለስ ሲሠራ ቅዠት ሠራ። ለኔ ይህ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። አገር ቤት ያለ ሰው የሚጎድለው ባለሙያ ነውና «አንድ የተማረ ልጅ ቢመጣልን» ብሎ ያልማል። ውጭ ያለ ሰው ደግሞ የሚያስጨንቀው «ብመለስ ኖሮ ምን እሆን ነበር?» የሚለው ነው። አወቀ የቀሪው ምኞት ነው፤ አንበርብር የሄያጁ ፍርሃት ነው። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ሁለቱም ግን ስለ ተናጋሪው ብዙ ይናገራሉ። የቴሌግራም ግሩፓችን ክርክርም ከዚህ አያልፍም። ከሲያትል «እኔ ብመጣ ይበሉኛል» የሚለውና ከመገናኛ «እናንተ ብትመጡ ኖሮ» የሚለው እርስ በርስ አይመልሱም። ሁለቱ የሚያወሩት ሁለት የተለያዩ ልብ ወለዶች ነው።

ታሪክ ደግሞ ለኅሩይ ተስፋ ጨካኝ መልስ ሰጠው። «አዲስ ዓለም» ከታተመ ከሦስት ዓመት በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ውስጥ አረፈ። አወቀን ወደ ቤቱ የመለሰው ደራሲ ራሱ ሰው አገር ሞተ። ካምብሪጅ የተማረው ልጁ ፈቃደ ሥላሴ ደግሞ አገር ቤት ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፎ በጣሊያኖች ተገደለ። ውጭ ተምሮ የተመለሰው ትውልድ ከፍተኛ ክፍል በነዚያ ወራት አለቀ። ከነጻነት በኋላ ብዙ ነገር ከዜሮ ለመጀመር የተገደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መቀበያውን ጉባኤ የሚያፈርሰው የኛ የውስጥ ጠብ ብቻ አይደለም፤ ጥይትም ያፈርሰዋል።

ተመላሽ ተብለው ያልተቆጠሩት

በሁለቱም ሥራዎች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ተመላሹ ሁልጊዜ ወንድ ነው፣ ሁልጊዜ ዲግሪ አለው፣ ሁልጊዜ ከአውሮፓ ነው የሚመጣው።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሰነድ የሌላቸውን ሠራተኞች ስታባርር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ተመልሰዋል። በኛ ዕድሜ ካየናቸው ትልልቅ መመለሶች አንዱ ይህ ነው። ከነሱ መካከል ሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሴቶች፣ በረሃና ባሕር አቋርጠው የሄዱ ወጣቶች ነበሩ። ቤት ያሠሩ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ፣ እናት ያሳከሙ ሰዎች ናቸው። አገር ማሻሻል ማለት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው? ግን ማንም «አገራቸውን ሊያገለግሉ ተመለሱ» አላላቸውም። «ከስደት ተመላሽ» የሚባል የቢሮ ስም ነው የወጣላቸው።

ይህ የሚያሳየን «አገርን ለማሻሻል መቅረት» የምንለው ነገር በድብቅ የተማረ ሰው ታሪክ መሆኑን ነው። ዓረብ አገር የምትሄደውን ልጅ «አገርሽን ጥለሽ የት?» የሚል የለም፤ የሚሞግቷት ስለ ደህንነቷ ነው። ኢንጂነሩን ግን ስለ አገር ፍቅሩ ይሞግቱታል። የአንዷ መሄድ ችግር፣ የሌላው መሄድ ክህደት ተደርጎ ሲታይ፣ በመካከል የተደበቀው ሐሳብ «አገር የሚሠራው ዲግሪ ያለው ነው» የሚለው ነው። አወቀ ዛሬም ከኛ ጋር ነው ማለት ነው። «ጤዛ» ከ«አዲስ ዓለም» የሚሻለው አዛኑን ስላየ ነው፤ እሷም ግን የምትታየው አንበርብርን ስታክም ነው። የአዛኑን ታሪክ ከአዛኑ በኩል የሚነግረን ሥራ ቢኖረን ደስ ባለኝ።

ሳይመለሱ መኖር፣ ሳይሄዱ መሄድ

ያልተመለሰውስ? እዚህ ላይ ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝኛ ያሳተመውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ማንሳት ይገባል። ባለታሪኩ ስጦታ ሳይሆን ሸክም ይዞ የተሰደደ ሰው ነው። ሴፋ አባቱ በቀይ ሽብር ሲገደል ይሸሻል፤ ከ17 ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አጠገብ አነስተኛ ሱቅ አለው። ሁለት አፍሪካውያን ጓደኞቹ፣ አንዱ ከኬንያ አንዱ ከኮንጎ፣ ይመጣሉ። ጨዋታቸው የአፍሪካ መፈንቅለ መንግሥታትን ከነአምባገነኖቹና ከነዓመቱ መጥራት ነው። ያስቃል፣ ከዚያ ይከብዳል። አህጉራቸውን በደንብ ያውቋታል፤ ዕውቀታቸውን የሚያውሉበት ጠረጴዛ ግን የሱቅ ጠረጴዛ ብቻ ነው። አወቀ ጉባኤ አገኘ፣ አንበርብር የግለ ሂስ አዳራሽ አገኘ፣ ሴፋና ጓደኞቹ ጨዋታ አገኙ። የሄደ ሰው ሁሉ «የተሻለ ኑሮ» አገኘ ለሚሉ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ነው የምጠቁማቸው።

እነዚህ ሦስት ሥራዎች የማያውቁት አራተኛ ሰው ደግሞ አለ። እሱን የማውቀው በየቀኑ ፊቱን ስለማጥብለት ነው። አዲስ አበባ ተቀምጬ ለሌላ አህጉር ኩባንያ ኮድ እጽፋለሁ። የምሠራውን ሶፍትዌር የሚጠቀም ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላገኘሁም። ምሳዬን እዚህ እበላለሁ፣ ሰዎች ሲያገቡና ሲሞቱ እደርሳለሁ፣ ቤት ኪራይ እዚህ እከፍላለሁ፤ የሥራ ሰዓቴ፣ አለቃዬና ደመወዜ ግን ውጭ ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የኔ ዓይነቱ ሰው ገቢ በብር ሲሰላ ባንድ ጊዜ አበጠ። በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ሙያ፣ ለአገር ውስጥ ድርጅት የሚሠራው ጓደኛዬ ግን የሸቀጡ ዋጋ ብቻ ነው ያበጠበት። ሁለታችንም «ቀርተናል»። አንዳችን ግን ሳይሄድ ሄዷል።

ይህም ዕድል ለሁሉም አይደለም። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። አማራ ክልል ውስጥ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ ቆይቷል። መቀሌ ወይም ጎንደር ላለ ዴቬሎፐር «እዚሁ ሆነህ ሥራ» የሚለው ምክር በነዚያ ጊዜያት ትርጉም አልነበረውም። ያ ሰው ቢሄድ የሄደው አገሩን ስላልወደደ ነው የሚል ካለ፣ ክርክሩን ሳይሆን የኔትወርክ መስመሩን ይመልከት።

ለዚህ አራተኛ ሰው የሚሆን ልብ ወለድ እስካሁን አላነበብኩም። መጻፍ አለበት። ድሮ ስደት ድንበር ነበረው፤ መርከብ፣ አውሮፕላን፣ የጉምሩክ መስኮት ነበረው። አሁን አንድ ሰው ቁርስና ምሳ መካከል ተሰድዶ ማታ ለእናቱ ዳቦ ገዝቶ ሊገባ ይችላል። ይህ ሰው አገሩን እያሻሻለ ነው ወይስ አይደለም? ዶላር ያመጣል፤ ጉልበቱን ግን ወደ ውጭ ይልካል። መልሱ ለኔም ግልጽ አይደለም፤ ለዚህ ነው ደራሲ የሚያስፈልገው።

ጥያቄውን መቀየር

ገለልተኛ ተመልካች እንዳልሆንኩ መናገር አለብኝ። በርሊን ካለ ድርጅት የመጣ የሥራ ውል ጋር ነው የምውለው፤ መልስ የምሰጥበት ቀን ቀርቧል። ስለዚህ እነዚህን ሥራዎች ደግሜ ያየሁት ለመዝናናት አይደለም። «ሂድ» ወይም «ቅር» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁለቱንም አላሉኝም።

ያሉኝ ይህን ነው። አንድ ሰው የቱንም ያህል ቢያውቅና ቢወድድ፣ ሥራው የሚቆመው ከሱ በፊት እዚያ በነበሩ፣ እሱ በሌለበት በቆዩና በሩን በሚከፍቱለት ሰዎች ላይ ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እንግዳን ለመግፋት ነው፤ እኔ ግን አሁን በሌላ በኩል ይሰማኛል። በሬው ሰርዶውን የሚያውቀው አብሮት ስለኖረ ነው። ውጭ ከርሞ የመጣ ሰው በሬውን መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ የሚሄደውን ጓደኛ «አገርህን አትወድም ወይ?» ከማለት «ስትመለስ ከማን ጋር ትሠራለህ? እስከዚያስ ያንን ሰው ማን ያቆየዋል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የሚቀረውንም «ጀግና» ብሎ ከማለፍ «ምን ይዘህ ነው የቆየኸው? ብቻህን ነህ ወይ?» ማለት ይሻላል። ብቻውን የቀረ ሰውና ብቻውን የሄደ ሰው ከሚመስለን በላይ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ጋ ጉባኤው የለም። ከውጭ ገንዘብ መላክ ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ ላለ አንድ መምህር፣ አንድ ነርስ፣ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ሳይፈርስ እንዲቆይ መርዳት የአወቀን ጉባኤ አስቀድሞ መሥራት ነው። እዚህ ላለነውም ሥራ አለ፤ የተመለሰውን ሰው «አንተማ ፈረንጅ ሆነሃል» ብለን በመጀመሪያው ሳምንት የምንሸኘው እኛው ነን።

«ጤዛ» መጨረሻው አካባቢ አንበርብር በመንደሩ ትምህርት ቤት ልጆች ፊት ይቆማል። ብዙ ተመልካች ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል፤ ጀርመን ድረስ የተማረ ሰው ፊደል ሊያስቆጥር። ሌላው ደግሞ እንደ ድል ያየዋል፤ በመጨረሻ ቦታውን አገኘ። እኔ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ክፍሉ ነው። ጦርነት እያለ፣ ወጣቱ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ እያለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ። ልጆቹ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። አንበርብር ያንን ክፍል አልሠራውም፤ ልጆቹንም የሰበሰባቸው እሱ አይደለም። እሱ ኮሎኝ ሲከራከር፣ አዲስ አበባ ሲከሰስ፣ ምሥራቅ ጀርመን ሲወድቅ፣ አንድ ሰው በየጠዋቱ ያንን በር ሲከፍት ነበር። ፊልሙ ስለዚያ ሰው ብዙ አይነግረንም።